ዶክተሩ የፈረመባት መኪና

ሰውየው ሐኪም አልነበረም። መርፌ ሲያይ ፊቱን የሚያዞር፣ የደም ግፊቱን እንኳ ሚስቱ ጎትታ ካልወሰደችው የማይለካ ሰው ነበር። «ዶክተር» ያሰኘው መኪና ነው። መኪና አከራዩ ድርጅት ሦስት አራት ዓመት ያከራያቸውን መኪናዎች ለሽያጭ ከማውጣቱ በፊት አንድ በአንድ የሚመረምራቸው እሱ ነበር። ሲመረምር ኮፈኑን ይከፍትና የረጅሙን ካቻቢቴ ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አስደግፎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። ያየው ሁሉ የታማሚ ደረት የሚያዳምጥ ሐኪም ትዝ ይለዋል። ስሙም በዚያው ቀረ። የገዛ ስሙን የሚጠሩት የደመወዝ መዝገብና እናቱ ብቻ ነበሩ፤ እናቱም ካለፉ ቆይተዋል።

የኪራይ መኪና ማንም የማያዝንለት ፍጥረት ነው። ተከራዩ የራሱ አይደለምና ጉድጓድ አይዞርለትም፤ ድርጅቱም ብዙ ስላለው በታርጋ ቁጥር ብቻ ነው የሚያውቀው። «የእንጀራ ልጅ በለው» ይል ነበር ዶክተሩ፣ «ሁሉ ይልከዋል፣ ማንም አያቅፈውም።» አንዳንዱ ተከራይ ያጋጨውን ፓራፋንጎ፣ የጎማውን መከለያ፣ ወዳጁ ጋራዥ ወስዶ፣ በስቱኮ አስሞልቶ፣ ቀለም አስቀብቶ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ፈገግ ብሎ ቁልፉን ያስረክባል። ዶክተሩ በጣቱ ኳ ኳ ያደርግና «ይኼ ላሜራ አይደለም፣ ግድግዳ ነው» ይላል። እርጥብ መኪና አይመረምርም፤ ውሃ ጭረት ይደብቃል። የደህንነት ቀበቶውን እስከ መጨረሻው ስቦ ጫፉ ላይ ጭቃ ይፈልጋል፤ ጎርፍ የገባበት መኪና ወንበሩ ቢታጠብም የቀበቶውን ሥር የሚያጥብ የለም። የኮፈኑን ብሎኖች በባትሪ እያበራ ቀለማቸው ተፍቆ እንደሆነ ያያል። ይህን ሁሉ ከጨረሰ በኋላ ነው ካቻቢቴውን የሚያነሣው።

የፊርማው ነገር ደግሞ ራሱን የቻለ ወሬ ነበር። የፍተሻ ቅጹ አርባ ሁለት ጥያቄ አለው፤ ገዢ ግን አርባ ሁለቱን አያነብም። ገልብጦ ከታች ያያል። ዶክተሩ ከፈረመበት ይገዛል፣ ካልፈረመበት ወደሚቀጥለው መኪና ይሄዳል። «ዶክተሩ ያየው ነው?» ማለት በዚያ ግቢ እንደ ሰላምታ የተለመደ ነበር። ሰውየው ይህን ሲሰማ አንገቱን ቀና ያደርጋል እንጂ አይስቅም። በሃያ ስድስት ዓመት ያተረፈው ነገር ቢኖር ይኸው ነበርና።

ጆሮው መድከም የጀመረው መቼ እንደሆነ እሱም አያውቅም። መጀመሪያ የጠፋው የመታጠፊያ መብራቱ፣ የሲግናሉ፣ ቲክ ቲክ ነው። አንድ ቀን መኪና ውስጥ ቁጭ ብሎ ሲግናሉን ቢያበራው መብራቱ ይበራል ይጠፋል፣ ድምፅ ግን የለም። ቅጹ ላይ «ሲግናል ድምፅ አልባ» ብሎ ጻፈ። በሚቀጥለውም መኪና እንደዚያው ሆነ። በሦስተኛው ላይ እጁ ቆመ። ሦስት መኪና በአንድ ቀን ሲግናሉ አይታፈንም። ማንም እንዳያየው ዞር ዞር ብሎ ሁለቱን ቅጾች አስተካከላቸው፤ ለማንም ትንፍሽ አላለም።

ቤት ውስጥ ሚስቱ «አንተ ሰው፣ ዜናውን እኮ ጎረቤት ከኛ ጋር እየሰማው ነው» ትለዋለች። «ዜና አንባቢው ያንሾካሹካል፤ የዛሬ ሰው አፉን ከፍቶ መናገር ትቷል» ይላታል። ልጁ ከሩቅ ስትደውል ሁለት ቃል ተለዋውጦ «እናትሽን ላገናኝሽ» ይልና ስልኩን ያቀብላል። ሚስቱ ሐኪም ዘንድ እንሂድ ብትለው አኮረፈ። እሷም ኩርፊያውን ስለምታውቀው ተወችው፤ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ መናገር ለመደች። ሰዎች የምትቆጣው እየመሰላቸው ያዝኑለት ነበር።

ሥራ ላይ ግን ሌላ ብልሃት ነበረው። የማይሰማውን በመዳፉ ይፈልገዋል። መሪው ላይ የሚመጣውን ንዝረት፣ ካምቢዮው ላይ የሚሰማውን ርግብግቢት፣ ከወለሉ በጫማው ሶል የሚወጣውን እያዳመጠ አብዛኛውን ነገር ያገኘዋል። የቀረውን ደግሞ፣ ሳይናገረው፣ ከአንዲት ሴት ያገኝ ነበር።

እሷ «ቆፍጣናዋ» ትባላለች። ከከባድ መኪና ጋራዥ የመጣች፣ ወደ ሠላሳ አምስት ዓመት የሚሆናት መካኒክ ናት። ስትራመድ የረፈደባት ትመስላለች፤ ስትናገር ቃል ትቆጥባለች። ግቢው ውስጥ ከሱ ቀጥሎ የምትፈትሸው እሷ ነበረች፤ ሙያውን ያስተማራት ደግሞ ራሱ ነው። «ጋሼ» ትለዋለች። እሷ ትነዳለች፣ እሱ ከጎኗ ይቀመጣል፤ እንዲሁ ሦስት ዓመት ሠሩ። «ጋሼ፣ ከኋላ ትንሽ ትንጫጫለች አይደል?» ስትለው «እህ፣ እየሰማሁ ነው፣ ጻፊው» ይላል። ሰምቶ እንዳልሆነ እሱ ያውቃል። እሷ ታውቅ እንደሆነ አስቦበት አያውቅም፤ ወይም እንዳያስብበት ይጠነቀቅ ነበር።

ነጯ መኪና የመጣችው ሽያጭ በሚበዛበት ሰሞን፣ በአንድ ቅዳሜ ጠዋት ነው። ትንሽ፣ ባለ አራት በር፣ ዘጠና ሺህ ኪሎ ሜትር የሄደች ናት። ቀለሟ ንጹሕ፣ ቀበቶዋ ንጹሕ፣ ብሎኖቿ ያልተነኩ። ገዢዎች በር ላይ ተሰልፈዋል፤ ሥራ አስኪያጁ ሰዓቱን እያየ በመኪናዎቹ መካከል ይመላለሳል። ቆፍጣናዋና ዶክተሩ መኪናዋን በግቢው ጀርባ ባለው ቀለበት መንገድ ነድተው ሲመለሱ፣ እሷ ሞተሩን አጥፍታ ቁልፉን እጇ ላይ ያዘች።

«ጋሼ፣ የፊት ቀኝ ኩሽኔታ ሄዷል» አለችው። ኩሽኔታ ማለት ጎማውን ሳይፋተግ እንዲሽከረከር የሚይዘው፣ በኳሶች የተሞላው ቀለበት ነው። «ወደ ግራ ስትታጠፍ ታጉረመርማለች። ስትፈጥን ይብስባታል።»

ዶክተሩ ምንም አልሰማም ነበር። መዳፉም ምንም አላለውም፤ መሪውን የያዘችው እሷ ነበረችና። «እስቲ እኔ ልንዳት» አለ። ነዳት። ወደ ግራ አጠፈ፣ ወደ ቀኝ አጠፈ፣ ፈጠነ። ዝም ያለች መኪና ናት። መሪው ላይ የሆነ ነገር እንደ ጉንዳን የሄደ መሰለው፤ ወዲያው ግን መንገዱ ነው ብሎ ተወው።

ተመልሰው ሲወርዱ ሥራ አስኪያጁ መጥቶ ቆሟል። ከሱ ኋላ ስምንት ዘጠኝ የሚሆኑ ገዢዎች አሉ። ከነሱ አንዷ ጠቆር ያለ ኮት የለበሰች፣ ቦርሳዋን በሁለት እጇ የያዘች ሴት ናት፤ ዓይኗን ከነጯ መኪና ላይ አላነሣችም።

«ምን ተባለ?» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«ምንም የለባትም» አለ ዶክተሩ።

«ጋሼ፣ አለባት፤ ኩሽኔታዋ ሄዷል» አለች ቆፍጣናዋ። «በክሪክ እናንሣትና ጎማውን ነቅነቅ አድርገን እንየው። አሥር ደቂቃ ነው።»

አሥር ደቂቃ። ዶክተሩ በኋላ ይህቺን ቃል ስንት ጊዜ እንደመለሳት ራሱም አይቆጥራትም። አሥር ደቂቃ ሰጥቶ ጎማውን ከላይና ከታች ይዞ ቢነቀንቀው፣ መዳፉ ጆሮው የነፈገውን ይነግረው ነበር። ግን ሰዎቹ ቆመዋል። ሁሉም የሚያዩት እሱን ነው። የተማሪው ጆሮ ከአስተማሪው ጆሮ በለጠ የሚባልበት ቀን መጣ ብሎ ደነገጠ። ሲደነግጥ ደግሞ ቀልድ ይቀናው ነበር።

«አየሽ ልጄ» አለ፣ ገዢዎቹ ሁሉ እንዲሰሙት ጮክ ብሎ፣ «እኔ ኩሽኔታ ሳዳምጥ አንቺ ገና ጡጦ ትጠቢ ነበር። የሚያጉረመርመው ጎማው አይደለም፣ ቁርስ ያላገኘው ሆድሽ ነው።»

ሰዉ ሳቀ። ሥራ አስኪያጁም ሳቀ። ኮት የለበሰችዋ ሴት ሳይቀር ፈገግ አለች። ቆፍጣናዋ ግን ፊቷ አልተለወጠም። ቅጹን አየችው፣ እሱን አየችው።

«ጋሼ፣ የሰማሁትን አልሰማሁም ማለት አልችልም» አለች ዝግ ብላ። «ከፈረሙ እርስዎ ይፈርሙ። እኔ አልፈርምም።»

ፈረመ። እንደ ልማዱ ከፊርማው ሥር ሁለት መስመር አሰመረ። ኮት የለበሰችዋ ሴት ቅጹን ተቀብላ ገልብጣ ከታች አየች፣ ከዚያ ወደ ሒሳብ ክፍል ሄደች።

ቆፍጣናዋ ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት ነው የቆየችው። ሥራ አስኪያጁ «ገዢ ፊት አዋረደችን» ብሎ ከፍተሻ አንሥቶ ቁልፍ መዝጋቢ አደረጋት። ዶክተሩ አንድ ቃል ቢተነፍስ ትመለስ ነበር። አልተነፈሰም። ንዴቷ ሲበርድ አነጋግራታለሁ እያለ ለነገ ያሳድር ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ግን ንዴቷ ሳይሆን የገዛ እፍረቱ ነበር ያልበረደው። የመጨረሻዋ ቀን የሥራ ልብሷን አጣጥፋ ካስረከበች በኋላ ወደሱ መጣች። አፏ ሲንቀሳቀስ አየ። ደኅና ይሁኑ ማለቷ ይሁን ሌላ ነገር፣ ከጀርባዋ የሚታጠብ መኪና ውሃው እየጮኸ ስለነበር አላወቀም። ራሱን ነቀነቀላት። እሷም ትንሽ ጠበቀችው፤ የሚጨምረው ነገር ሲያጣ ጊዜ ሄደች።

ከሦስት ወር በኋላ አንድ ሰኞ ሥራ አስኪያጁ ዶክተሩን ቢሮው አስጠራው። ጠረጴዛው ላይ የነጯ መኪና ቅጽ ተዘርግቷል። ሴትዮዋ ቁልቁለት ስትወርድ የፊት ቀኝ ጎማው ተቀርቅሮ መኪናዋን ከግንብ ጋር አላትሟታል። ሕይወቷ ተርፏል፣ ሌላ የተጎዳ ሰው የለም፤ የቀኝ እጇ ግን ክፉኛ ተሰብሯል። መኪናዋን የፈቱት መካኒኮች የኩሽኔታው ኳሶች ዱቄት ሆነው እንዳገኟቸው ጽፈዋል።

«ከሦስት ወር በፊት እኮ ነው የሸጥናት» አለ ሥራ አስኪያጁ። «በሦስት ወር ውስጥ ስንት ነገር ይሆናል። ጥያቄ የሚመጣብን ግን ስለ ፍተሻው ነው። ቅጹ ላይ ‹የነዳው ሠራተኛ› በሚለው ቦታ የልጅቷ ስም ነው ያለው። ነድታ ካልነገረችን እኛ ምን እናውቃለን? እሷ ደግሞ አሁን ሠራተኛችን አይደለችም።»

ዶክተሩ ወንበሩን ያዘ። ሥራ አስኪያጁ በዚያ ጠዋት አጠገባቸው ቆሞ ነበር፤ በገዛ ጆሮው ሰምቷታል፤ ስቋል። ይህን ሁለቱም ያውቃሉ።

«እርስዎን ለማንሣት አይደለም እኮ» አለ ሥራ አስኪያጁ፣ ድምፁን ለስለስ አድርጎ። «ጡረታዎ ዓመት ነው የቀረው። የርስዎ ስም ከተነካ የዚህ ግቢ መኪና ማን ይገዛል? አንድ የአውቶቡስ ጋራዥም ሊቀጥራት ፈልጎ ስለሷ በደብዳቤ ጠይቆን ነበር። ነድታ እንዳልነገረችን እንጽፍላቸዋለን።»

ዶክተሩ ከዚህ ውስጥ ግማሹ አምልጦታል። የሰማው ግማሽ ግን በቂ ነበር። እምቢ ሊል ሲል ገዢዎቹ ሲያጉረመርሙ፣ ሰዉ ሁሉ በሱ ሲጠቋቆም ታየው። ራሱን ነቀነቀ። እሺ ማለቱ ይሁን መስማቱ ለራሱም ሳይለይለት ነቀነቀና ወጣ። ሥራ አስኪያጁ እሺ እንዳለ ቆጠረው።

ሁለት ሳምንት እንዲሁ አለፈ። እህል አልበላለት አለ። ሚስቱ «ምን ነካህ?» ብትለው «ድካም ነው» ይላታል። በመጨረሻ አንድ ከሰዓት በኋላ ከሥራ ቀርቶ የሴትዮዋን አድራሻ ከቅጹ ገልብጦ ሄደ። ለመናዘዝ አልነበረም የሄደው። ደኅና መሆኗን አይቶ ልቡን ሊያሳርፍ ነበር።

ልብስ ሰፊ ናት። ከመንገድ ዳር ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ሁለት የስፌት መኪናዎች፣ ረጅም የመቁረጫ ጠረጴዛና ግማሽ የተሰፉ የሙሽራ ልብሶች የተሰቀሉበት ዘንግ አለ። አንደኛው የስፌት መኪና ላይ እህቷ ተቀምጣ ትሰፋለች። ሴትዮዋ ቀኝ እጇ እስከ ክርኗ በጀሶ ታስሮ በር አጠገብ ተቀምጣለች። ስታየው ወዲያው አወቀችው።

«እንዴ! ዶክተሩ! እርስዎ እኮ ነዎት» ብላ በግራ እጇ ወንበር ሳበችለት። ዕድሜ ልኳን ከስፌት መኪና ጩኸት ጋር ተሻምታ የምታወራ ሴት ስለሆነች ድምፅዋ ጎላ ያለ ነው። አንዲት ቃል አላመለጠችውም። ብታመልጠው ይሻለው ነበር።

«እጅዎ እንዴት ነው?» አላት።

«ሁለቱ ጣቶች አይታጠፉም ብለውኛል። መርፌ የሚይዙት ሁለቱ።» ስትናገረው እንደ ሰው ወሬ አድርጋ ነው። «እህቴ ትሰፋለች፣ እኔ በግራዬ እለካለሁ፤ መቀሱን ገና እየለመድኩት ነው። ጠማማ ስቆርጥ ታየኛለች፣ ምንም አትለኝም። እንዲህ ዝም ስትለኝ ነው የሚከፋኝ።»

ዶክተሩ «መኪናዋ እንግዲህ...» ብሎ ጀመረና ተወው።

«እኔ ነኝ ጥፋተኛዋ» አለች ሴትዮዋ። «ድምፁን እሰማው ነበር እኮ! ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ። ግርርር ይል ነበር ስትታጠፍ። የመጀመሪያ መኪናዬ ስለሆነች መኪና እንዲህ ይሆናል ብዬ ነው። አንዳንዴ ደግሞ ያቺ ልጅ ትዝ ትለኛለች። ያቺ የርስዎ ልጅ፣ ኩሽኔታ ነው ያለችው። ጋራዥ ላሳያት እልና፣ ኋላ ዶክተሩ ስቀው አልፈውታል፣ እኔ ማን ነኝ ብዬ እተወዋለሁ። ሲስቁ እኔም ስቄ አልነበር?»

የስፌት መኪናው ቆመ። እህትየው ክር ልታስገባ አጎንብሳለች። ክፍሉ ጸጥ ሲል ዶክተሩ የገዛ ትንፋሹን እንኳ አልሰማም።

«እመቤቴ» አለ፣ «እኔ ስቄ ያለፍኩት ስላልሰማሁት ነው። ጆሮዬ ከተበላሸ ዓመታት ሆኖታል። ልጅቷ ትክክል ነበረች። እኔ ደንቆሮ ነኝ።»

ይህን ቃል በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ከአፉ ያወጣው በማያውቃት ሴት ፊት ነው። ሴትዮዋ ጮኻ ብትሰድበው ይቀለው ነበር፤ አልሰደበችውም። በጀሶ የታሰረ እጇን አንሥታ ጭኗ ላይ አስተካከለችው።

«ታዲያ ለምን ፈረሙ?» አለች በመጨረሻ።

ዶክተሩ ጀሶውን አየ። ሴትዮዋም መልሱን አልጠበቀችም። «አሁን ቢሄዱልኝ ይሻላል» አለችው። ይህን እንኳ ያለችው በትሕትና ነው። እሱን እስከ በር የሸኘችው እህቷ ናት።

ቤቱ ሲገባ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ሚስቱን አስቀምጦ ከሲግናሉ ጀምሮ ሁሉን ነገራት። አላቋረጠችውም። ሲጨርስ ተነሥታ ቦርሳዋን አነሣች። «ጫማህን እንዳታወልቅ» አለችው። «ዛሬውኑ እንሄዳለን። ስድስት ዓመት ስጮኽብህ ጉሮሮዬ ተበላሸ።»

የጆሮ ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። ማዳመጫ አድርጋለት ድምፅ ሲሰማ እጁን እንዲያነሣ ነገረችው። ዶክተሩ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ረጅም ጊዜ ጠበቀ። መሣሪያው የተበላሸ መስሎት ቀና ቢል፣ ሐኪሟ ቁልፎቹን እየተጫነች ነው፤ ሚስቱ ደግሞ በመስታወቱ በኩል ዓይኗን ትጠርጋለች። ያኔ ገባው። ድምፁ እየመጣ ነበር።

ደብዳቤውን በማግሥቱ በገዛ እጁ ጻፈው። በዚያ ቅዳሜ ማን ምን እንዳለ፣ ማን እንደሰማ፣ ማን እንደሳቀ፣ ሳይጨምር ሳይቀንስ አሰፈረ። አንዱን ለሥራ አስኪያጁ፣ አንዱን ከሱ በላይ ላሉት፣ አንዱን ለአውቶቡስ ጋራዡ ላከ። ከዚያ ጠረጴዛውን አጽድቶ ሥራውን ለቀቀ። ሥራ አስኪያጁ በር ላይ ይዞት «ሃያ ስድስት ዓመትዎን በአንድ ወረቀት?» አለው። «በአንድ ወረቀት አይደለም» አለው ዶክተሩ። «በአንድ ቀልድ ነው።»

ቆፍጣናዋን ለማግኘት ሳምንት ፈጀበት። የአውቶቡስ ጋራዡ ሰዎች በትሕትና አነጋገሩት። ደብዳቤው ደርሷቸዋል፣ አዝነዋል፤ ቦታው ግን ከድርጅቱ የመጣውን የመጀመሪያ ደብዳቤ ባነበቡ ማግሥት ለሌላ ሰው ተሰጥቷል። አሁን የት እንደምትሠራ የነገሩት እነሱ ናቸው። ከአንድ ሰፊ መንገድ ዳር ያለች ጎሚስታ ቤት ናት፤ ጎማ የሚነፋበት፣ የሚለጠፍበት፣ የሚቀየርበት። ሲደርስ የከባድ መኪና ጎማ በመዶሻ እየመታች ከቸርኬው ታላቅቅ ነበር። የአየር መጭመቂያው ከጀርባዋ ይንቀጠቀጣል። ስታየው መዶሻውን አስቀመጠች።

«ጋሼ» አለች። ይህቺን ከከንፈሯ ነው ያነበበው።

ቆሞ ተናገረ። ያልተዘጋጀበትን ነበር የተናገረው፤ መንገድ ላይ ሲያጠናው የመጣው ሁሉ ጠፍቶበት ነበር። እንዳልሰማ፣ እንዳፈረ፣ በሰው ፊት እንዳዋረዳት፣ ቢሮ ውስጥም ስሟ ሲነሣ ራሱን እንደነቀነቀ ነገራት። የሴትዮዋን ሁለት ጣቶች ነገራት። ይቅርታ አድርጊልኝ አለ። ቆፍጣናዋ እጇን በጨርቅ እየጠረገች ሰማችው። ጣቶቹን ሲነግራት ጨርቁ እጇ ላይ ቆመ። ከዚያ የሆነ ነገር አለች፤ መጭመቂያው ዋጠው።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ራሱን ይነቀንቅ ነበር። «አልሰማሁሽም፣ ልጄ» አላት። «ድገሚልኝ።»

ቆፍጣናዋ ዓይኑን አየችው። ሄዳ መጭመቂያውን አጠፋችውና ተመልሳ ቀረበችው።

«ያኔ እንዲህ ቢሉኝ ኖሮ እሰማልዎት ነበር ነው ያልኩት» አለች። «ሦስት ዓመት ስሰማልዎት ነበር እኮ፣ ጋሼ። ሳይነግሩኝ። ለማንም አልተናገርኩም። እስከ መጨረሻው እሰማልዎት ነበር። ያቺም ሴትዮ እጇ ደኅና ይሆን ነበር።»

ዶክተሩ መሬት መሬት አየ።

«ይቅርታውን ተቀብያለሁ» አለች። «ግን አይቅለልዎት። እኔም አልቀለለኝም። ስማቸው ወረቀት ላይ ያለ ሰዎች ሁለት ነን። ከዚያ ቀን ማታ ጀምሮ ሴትዮዋን ቤቷ ድረስ ሄጄ ለምን አልነገርኳትም እያልኩ ነው። የተናደድኩት በርስዎ ስለነበር እሷን ረሳኋት።»

ባለጎማው ሹፌር ክላክሱን ነፋ። ቆፍጣናዋ «መጣሁ» ብላ መዶሻዋን አነሣች። ለዶክተሩ የምትቀመጥበትን በርጩማ በእግሯ ገፋ አድርጋ አቀረበችለትና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ትንሽ ተቀመጠ። ተጨማሪ ወሬ አልነበራቸውም። ሲነሣ እጆቿ ስለተያዙ በአገጯ ነቀነቅ ብላ ተሰናበተችው።

ድርጅቱ በኋላ ሥራ አስኪያጁን ቀይሮ ቆፍጣናዋን በዶክተሩ ቦታ እንድትገባ ለመናት። አልተመለሰችም። ጎሚስታ ቤቱን ትታ ከሁለት ዓመት በኋላ ከሌላ መካኒክ ጋር ትንሽ ጋራዥ ከፈተች አሉ። ልብስ ሰፊዋ በግራ እጇ መቁረጥ ለመደች፤ የሙሽራ ልብስ ግን ከዚያ ወዲያ አልተቀበለችም፤ ጥሩ ጥሩው ስፌት ሁሉ ወደ ሌላ ሄደ። ዶክተሩ ሁለት ጊዜ እቤቷ ድረስ ሄደ፤ አንደኛውን ጊዜ ከበር መለሰችው፤ በሁለተኛው አስገብታ አስቀመጠችውና ስለ ዝናብ ስለ ብርድ አወሩ፤ ስለ መኪናዋ ሳይነሣ ወጣ። ሦስተኛ አልሄደም።

የመስሚያ መሣሪያ ተገዝቶለታል። ሲያደርገው ሚስቱ ቀስ ብላ ታወራዋለች፤ ልጁም ስትደውል እናትሽን ላገናኝሽ አይላትም። አንዳንድ ሰው በሠፈሩ መኪና ሊገዛ ሲል «ዶክተር፣ እስቲ ይቺን ይዩልኝ» ይለዋል። ቀለሙን ያያል፣ ቀበቶውን ይስባል፣ ብሎኑን ያበራል። ሞተሩ ሲነሣ ግን እጁን አጣምሮ ወደኋላ ይላል። «የሚሰማ ሰው አምጡ» ይላቸዋል።